ለተሰበረ ዥዋዥዌ የት ይደወላል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

መብራት ሲጠፋ 905 እንደውላለን። ይነሳም አይነሳም፣ ቢያንስ የት እንደሚደወል እናውቃለን። የልጆች መጫወቻ ሲሰበርስ? እዚህ ድሬዳዋ፣ ሰፈራችን ካለው መናፈሻ ተነስቼ ይህን ጠይቄ መልስ ስላጣሁ ነው የምጽፍላችሁ።

ብልሽቱን ልንገራችሁ። የአንዱ ዥዋዥዌ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቀለበት ተበልቶ ተበልቶ ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። የሸርተቴው ላሜራ ደግሞ ታች በኩል ተገንጥሎ ጠርዙ ቀና ብሏል። የጎረቤቴን ልጅ ባቷን ቀዶት ሐኪም ቤት ተሰፍታለች። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥገና ዘበኛው የግራር እሾህ ቆርጠው መሰላሉ ላይ መጎዝጎዛቸው ብቻ ነው። ጥገና ከተባለ።

«ጋሼ፣ ለማን አመለከቱ?» አልኳቸው።

«ለመጣው ሁሉ እናገራለሁ የኔ ልጅ። ግን የሚመጣው ሰው ሁሌ ሌላ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እኔም ቢሮ ሄጄ አይቼዋለሁ። አንዱ ዛፉን እንጂ ብረቱን አያውቅም። ሌላው የመንገድ መብራት እንጂ የመናፈሻው አይመለከተኝም ይላል። ማመልከቻ አምጪ ተባልኩ፣ አመጣሁ፣ መዝገብ ቤት ገባ፣ እዚያው ቀረ። አንዱ ፈገግ ብሎ «እህቴ፣ ስንት አንገብጋቢ ነገር እያለ ዥዋዥዌ?» አለኝ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ጨዋታን ከመብት ይቆጥረዋል። ይህን አልነገርኩትም። ሙቀቱም አላስወራኝ።

ሙቀት ካነሳን አይቀር፣ ድሬ ላይ መናፈሻ የማታ ነገር ነው። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ልጅን ብረት ሸርተቴ ላይ ማስቀመጥ ምጣድ ላይ ማስቀመጥ ነው። (ሲተክሉት ሁለት እርምጃ ወደ ኒሙ ጥላ ቢያስጠጉት ምን ነበረበት?) ልጆች የሚወጡት 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆዩ ይጨልማል። ስለዚህ አምፖል ተቃጠለ ማለት መናፈሻው ተዘጋ ማለት ነው። የኛው መናፈሻ ምሰሶዎች አብዛኞቹ አይበሩም። በጨለማው የሚጠቀሙት ሌሎች ናቸው፤ ማን እንደሆኑ የሰፈሩ ሰው ያውቃል።

መጫወቻው ሲበላሽ ልጆች እቤት አይቀመጡም። ደቻቱ ወንዝ ይወርዳሉ። ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ለኳስ ምን የመሰለ ቦታ! በጋውን ችግር የለውም። ክረምት ሲገባ ግን እዚህ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፉ ከተፍ ይላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ለዚያ ፈገግታ መልሴ ይኼ ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየምሰሶውና በየመጫወቻው ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፍ። በሩ ላይ አንድ ስልክ ይለጠፍ። ሰው ደውሎ «የዚህ መናፈሻ 7 ቁጥር አምፖል» ሲል ማን ጋ እንደሚመራው የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ይመደብ። ደዋዩም ነገ «የትናንቱ ጉዳይ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቁጥር ይሰጠው። ማስታወቂያው በአማርኛ ብቻ እንዳይሆን አደራ። ማታ ማታ ልጆች ይዘው ከሚወጡት እናቶች ብዙዎቹ የሚያወሩት በኦሮምኛና በሶማልኛ ነው። መጻፍ የሚከብዳት እናት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም በድምፅ ብትልክ ይበቃል። ሰዉ «አቦ ተዪው፣ ምን ሊያመጡ» የሚለው ግድ ስለሌለው አይደለም። ተናግሮ ተናግሮ ስለሰለቸው ነው።

ባለሙያ የለም እንዳይባል፣ ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ስንቱን ብረት ሠሪ አፍርቷል! ዛሬም በየሰፈሩ በያጅ አለ። ቀለበት መቀየር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቸል ከተባለ ግን ዥዋዥዌው እንዳለ ይወድቅና አዲስ ግዢ፣ አዲስ ጨረታ ይመጣል። ደግሞ እስኪጠገን ድረስ አደገኛው ዕቃ ተፈትቶ ይነሳ፤ እሾህ መጎዝጎዝ ይቅር።

እናንተም አንድ ነገር ብታግዙን። የድሬ መናፈሻዎችን ብልሽት የሚረከበው ቢሮ የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ ስልኩን አትሙልን። በዚያው ቀን እደውላለሁ። ያ ላሜራ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ሳይለቀቁበት መነሳት አለበት።

አንዲት የድሬዳዋ ነዋሪ