ኮምፒውተራችሁ ሲንቀራፈፍ፣ አንቲቫይረስ ከመግዛታችሁ በፊት

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ ስታዲየም አካባቢ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ፎርማት ስናደርግ አንቲቫይረስ መመረቅ ያቆምንበትን ምክንያት ስለማሳወቅ

ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን ሱቃችን የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ቅሬታ አለው። «ድሮ ፎርማት ስታደርጉልኝ አንቲቫይረሱን ትመርቁልኝ ነበር። አሁን ምን ነካችሁ?» እውነት ነው፣ እንመርቅ ነበር። የምንመርቀው ግን ክራክ ነበር፤ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የሚሠራ ቅጂ። ለምን እንዳቆምን ለእያንዳንዱ ሰው በር ላይ ቆሞ ማስረዳቱ አልሆን ስላለን ይህን ጻፍን።

ነገሩ ከራሳችን ጥፋት ይጀምራል። ባለፈው ክረምት አንድ የሂሳብ ባለሙያ ደንበኛችን ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። ጋሼ ነው የምንላቸው። «ፒችትሪ እስኪከፈት ቡና ታዞ፣ መጥቶ፣ ተጠጥቶ ያልቃል» አሉን፤ የሂሳብ መሥሪያ ፕሮግራማቸውን ነው። እኛም ሳንመረምር «ቫይረስ ነው» አልናቸው። ፎርማት አደረግን፣ ዊንዶውስ ጫንን፣ ክራክ አንቲቫይረስ መረቅን። በሳምንቱ ተመለሱ። ብሶበታል። አሁን በደንብ ስናየው ሃርድ ዲስኩ ሊሞት እያጣጣረ ነው። መጀመሪያውኑ ቫይረስ አልነበረም። አሁን ግን አለ፤ ክራኩን የሚያነቃው ፕሮግራም ይዞት የገባ። የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብታቸውን ያስጣልናቸው እኛው ነን። ገንዘባቸውን መለስንላቸው። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ በበራችን ሲያልፉ «እናንተ ሐኪሞች!» እያሉ ይስቁብናል።

ስለዚህ ወደ እኛ ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ኮምፒውተሩ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ፣ ሜሞሪ እና ዲስክ የሚሉ ዓምዶች አሉ፤ በየአናታቸው ፐርሰንት ተጽፏል። 100 አካባቢ ተሰቅሎ አልወርድ ያለው የትኛው ነው? እሱን ካወቃችሁ ሥራው ተጋምሷል።

ዲስኩ ከሆነ፣ በተለይ ምንም ሳትከፍቱ 100 ላይ ተተክሎ ከዋለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ላፕቶፕ ላይ የሚገጠመው በብዛት በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። አንዲት ፋይል ለማንበብ አንባቢው ክንድ ቦታው ድረስ መሄድ አለበት፤ ከዚያ ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስለት ይጠብቃል። ይህ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ኢምንት ይመስላል። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን የሚያነበው በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ኤስኤስዲ የተባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ያንኑ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያወጣዋል። የአንቲቫይረስ ብር ይዛችሁ ከመጣችሁና ሃርድ ዲስኩ የድሮው ከሆነ፣ ጥቂት ጨምራችሁ ኤስኤስዲ ግጠሙበት እንላችኋለን። አስገጥሞ ከወሰደ በኋላ «ሌላ ላፕቶፕ ነው እንዴ የሰጣችሁኝ?» ብሎ የደወለልን ሰው አለ።

ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ይነግራችኋል። ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው። ቢጫ ካሳየ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። መብራት ድርግም በሚልበት ሰፈር ያለ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) አይዋል። ሃርድ ዲስክ እየጻፈ እያለ መብራት ሲሄድበት ፋይል ይበላሻል፣ ሲደጋገም ራሱም ይጎዳል።

ሜሞሪው (ራሙ) ከሞላ ነገሩ ቀላል ነው። 4 ጊጋ ራም ላይ ክሮም ከነሃያ ገጹ፣ ቴሌግራም፣ ኤክሴል ሲከፈቱ ምን ይሁን? ወደ 8 ጊጋ አሳድጉት። እስከዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ስታርትአፕ የሚለውን ከፍታችሁ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን የማትፈልጓቸውን ፕሮግራሞች አጥፉ። የማታውቁትን ስም ግን አትንኩ።

ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ከሆነ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የከተማው ቁፋሮ አቧራ ፋኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈባቸውን ላፕቶፖች በየቀኑ እንፈታለን። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ቆላ ላይ የሚያቀዘቅዘውን ያህል እዚህ አያቀዘቅዝም። ላፕቶፑን አልጋ ላይ አድርጎ ፊልም ማየት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው፣ የማታውቁት ፕሮግራም ሲፒዩውን ብቻውን ይዞት ከተቀመጠ ነው። እዚህ ላይ ነው ቫይረስ የምንለው።

ወደ አንቲቫይረሱ እንምጣ። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ዲፌንደር የሚባል የራሱ አንቲቫይረስ አለው። ነጻ ነው፣ ክራክ አይፈልግም። ኤቪ ቴስት የተባለው የጀርመን ተቋም አንቲቫይረሶችን በጥበቃ፣ በፍጥነትና በአጠቃቀም እየፈተነ ለእያንዳንዱ 6 ነጥብ ይሰጣል፤ ዲፌንደር 18 ከ18 ያገኘባቸው ዙሮች ብዙ ናቸው። ለቤትና ለተማሪ ከዚህ በላይ አያስፈልግም ባዮች ነን፤ አንቲቫይረስ ሻጭ እንዲህ ማለቱ ቢገርማችሁም።

ሌላ ከገዛችሁ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ሲጫኑ አንዱ ዘበኛ ሌላውን ሌባ ነው ብሎ አንገቱን ያንቀዋል፤ እያንዳንዷን ፋይልም ሁለቱ በየተራ ይፈትሿታል። ኮምፒውተሩ የሚሞተው በመሃል ነው። «ለጥንቃቄ» ተብሎ ሦስት የተጫነበትም አይተናል።

የሚጠይቀን ሰው ብዙ ስለሆነ ካስፐርስኪ ስለተባለው አንቲቫይረስም እንበል። አሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. በአገሯ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ምክንያቱ ቫይረስ አይዝም ተብሎ አይደለም፤ ኩባንያው የሩሲያ ስለሆነ የሩሲያ መንግሥት እጁን ሊያስገባ ይችላል የሚል የደኅንነት ስጋት ነው። ክልከላው እዚህ አይሠራም። ግን ቢሯችሁ በአሜሪካ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ድርጅት ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ለጋሹን ጠይቁ። ኖርተን፣ አቫስት እና ኤቪጂ ደግሞ ዛሬ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ።

ኪይ (አንቲቫይረሱን የሚያስነሳውን የፈቃድ ቁጥር) ስትገዙ ደረሰኝ ያዙ። እዚያው ሱቅ ውስጥ አስነሱትና ጊዜው የሚያልቅበትን ቀን በዓይናችሁ እዩ። አንዱን ኪይ ለአምስት ሰው የሚሸጥ አለ። ቀድሞ ያስገባው ይጠቀማል፣ ሌላው በወሩ «ላይሰንስ አልቋል» ይባላል።

ዳታ ለመቆጠብ ብላችሁ አፕዴት ያጠፋችሁ ደግሞ እባካችሁ አብሩት። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ዓለምን ያመሰውን ዋናክራይን ታስታውሱ ይሆናል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የጠየቀውን። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የደፈነው ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። የተመቱት አፕዴት ያላደረጉ ናቸው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 4 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ላፕቶፓችሁ 11ን የሚችል ከሆነ ቀይሩ። ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ ከሌለው ወይም ፕሮሰሰሩ ካረጀ አይቀበልም፤ አምጡትና እናያለን፣ ለማየት አናስከፍልም።

የፍላሽ ነገርም አለ። አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት የመመረቂያ ጽሑፍ አሳትማችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው አትደንግጡ፣ ፍላሹንም ፎርማት አታድርጉ። ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን መጫን ግን ቫይረሱን በገዛ እጅ ማስነሳት ነው። አትንኩት፣ እኛ ጋ በአምስት ደቂቃ ይወጣል። ለማሳተም ስትሄዱ የሚታተመውን ፒዲኤፍ ብቻ የያዘ ሌላ ፍላሽ ውሰዱ።

ከዚህ ወር ጀምሮ አሠራራችን ይህ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ ዲስኩን፣ ራሙንና ሙቀቱን እናያለን። የተገኘውን እንነግራችኋለን፣ ከዚያ ዋጋ እንነጋገራለን። ሳንጠይቃችሁ ፎርማት አናደርግም። ክራክ አንጭንም፤ ለምነው ቢሉንም። አንቲቫይረስ የሚያስፈልገው ሰው ከነደረሰኙ ይወስዳል፣ የማያስፈልገው ዲፌንደሩን አስተካክለንለት ይሄዳል።

ስትመጡ ቻርጀሩን አትርሱ። የመክፈቻ ፓስወርዱንም። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ላፕቶፕ ፓስወርዱ ስላልተነገረን ቆሞ አድሯል።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍሉ ባልደረቦች