ይድረስ ለአዘጋጁ፦ ያ ራምፕ ስንት ሜትር ነው?

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በዞናችን በሰሜን ሸዋ ለጎብኚዎች በሩን ስለከፈተው የአረቄና የውስኪ ማምረቻ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብበነዋል። ስለ ገብሱ፣ ስለ መዳብ ጋኑ፣ ስለ በርሜሉ የተጻፈው ደስ ይላል። የሸዋ ገብስ በክብር ሲነሣ ማን ይጠላል? አንጀታችንን ያሳረረው ሦስተኛው ፎቶ ሥር ያለችው አንዲት መስመር ናት። ማምረቻው ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መውጫ፣ ስላለው ለአካል ጉዳተኛ ጎብኚዎች ሙሉ በሙሉ ምቹ ነው ትላለች። ጋዜጠኛችሁ ይህን ሲጽፍ ማንን ጠይቆ ነው? የሥራ አስኪያጁ ቃል አለ፣ የአስጎብኚው አለ፣ የሁለት ጎብኚዎችም አለ። በዊልቸር፣ በክራንች ወይም በነጭ በትር የሚሄድ የአንድ ሰው ቃል እንኳ የለም።

እኛ በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ በዊልቸርና በክራንች የምንንቀሳቀስ፣ ከመካከላችንም በግንባታ ሙያ የሚተዳደሩ ያሉን ሰዎች ነን። ስለዚህ ፎቶውን በባለሙያ ዓይን አይተነዋል።

ከራምፑ ጎን ያለው ግድግዳ ስላልተለሰነ ብሎኬቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ብሎኬት ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ራምፑ ከመሬት ተነሥቶ የበሩ ደፍ እስኪደርስ 5 ብሎኬት ይሸፍናል፤ 2 ሜትር ማለት ነው። አጠገቡ ያሉት ደረጃዎች 3 ናቸው። እያንዳንዳቸውን 17 ሳንቲ ሜትር ብንል ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በብሎኬትም ሁለት ረድፍ ተኩል ነውና ይገጥማል። 2 ሜትር ተጉዞ 50 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ነገር 1 ለ4 ነው። ለዊልቸር የሚሠራ ራምፕ ግን 1 ለ12 ነው። ለዚህ ከፍታ 6 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ከላይና ከታች ደግሞ ዊልቸር ቆሞ የሚዞርበት 1.5 ሜትር ሜዳ ማረፊያ ይጨመራል። በድምሩ 9 ሜትር። በፎቶው ላይ የሚታየው ግቢ ይህን ሁሉ ችሎ ይተርፋል። ቦታ ቢጠብ እንኳ መሀል ላይ በማረፊያ ታጥፎ የሚመለስ ራምፕ መሥራት ይቻላል፤ ማንኛውም ግንበኛ ያውቀዋል።

የ1 ለ4 እና የ1 ለ12 ልዩነት የሚታወቀው በክንድ ነው። ሰውየውና ዊልቸሩ አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 1 ለ12 ላይ ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል 7 ኪሎ ተኩል የማንሣት ያህል ነው። 1 ለ4 ላይ 22 ኪሎ ይጠጋል። ጎማውን ገፍቶ እጁን ለሚቀጥለው ግፊት ባሸጋገረ ቁጥር ያ 22 ኪሎ መልሶ ያወርደዋል። ወደ ፊት አጥብቆ ካልተጎነበሰ የፊት ትንንሽ ጎማዎቹ ከመሬት ይነሡና በጀርባው ይወድቃል። ሲወርድ የሚይዘው ፍሬን መዳፉ ብቻ ነው፤ መዳፉ ይላጣል። ይህ ሁሉ ሳያንስ ላዩ የተነጠፈው የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ውርጭ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ነዋሪ የለም። ውርጭ ያረፈበት ሴራሚክ ላይ ክራንች ይቅርና ጫማም አይጸናም። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጎትቶ ሸካራ የተደረገ ሲሚንቶ ከሴራሚክ ይረክሳል፣ አያንሸራትትምም። በሁለቱ ጎኖች በ90 ሳንቲ ሜትር ቁመት የእጅ መደገፊያ ብረት፣ ከግርጌው ደግሞ ጎማ ወደ ውጭ እንዳይወጣ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ይደረጋል። በፎቶው ላይ አንዱም የለም።

በዚያው ዘገባ ደረጃ መውጣት የማይችል እንግዳ በሠራተኞች ታቅፎ ወደ ማጣሪያው ፎቅ እንደሚወጣ በደግነት ምሳሌነት አንሥታችኋል። ይህን ስናነብ አፍረናል፤ ያፈርነው ስለ እናንተ ነው። ትልቅን ሰው የማያውቃቸው ሰዎች እንደ ጆንያ ተሸክመው ሲያወጡት ጎበኘ አይባልም። ክብሩን ለጊዜው ትተን ሥራውን እንየው። የፋብሪካ የብረት ደረጃ ብዙ ጊዜ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ነው፤ ዊልቸር ብቻውን 65 ሳንቲ ሜትር ስለሚይዝ ተሸካሚዎቹ በጎን የሚቆሙበት ቦታ አያገኙም። ስለዚህ ሰውየውን ከወንበሩ አውጥተው ይሸከሙታል፣ ወንበሩ ታች ይቀራል። ፎቅ ላይ ሳለ የእሳት ደወል ቢደወልስ? ተሸካሚዎቹ በዚያች ደቂቃ የት ናቸው? አልኮል የሚያጣራ ቤት ውስጥ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ የአልኮል ትነት በአየር ውስጥ 3.3 ከመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል።

ከበሩ ወዲያ ያለውን ዘገባው ጭራሽ አልነካውም። አስጎብኚው መጀመሪያ የሚያሳየው ድፍድፉ የሚብላላበትን ክፍል ነው። 1 ኪሎ ስኳር ሲብላላ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳልና ወደ ወለሉ ይወርዳል። ቆሞ የሚሄድ ሰው አፍንጫው ከመሬት 1.5 ሜትር በላይ ነው፤ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው አፍንጫ ግን 1.1 ሜትር አካባቢ ነው፣ የልጆችም እንዲሁ። ስለዚህ የጋዝ መለኪያው የሚሰቀለው በተቀመጠ ሰው አፍንጫ ልክና ከዚያም ዝቅ ብሎ ነው፤ አየር ማውጫውም ከወለሉ አጠገብ ይከፈታል። መለኪያው ጣሪያው ሥር ከተሰቀለ ቆሞ የሚሄደው አስጎብኚ ምንም ሳይሰማው እንግዳው ራሱን ሊስት ይችላል።

ቀጥሎ የማጣሪያው ክፍል አለ። ኤሌክትሪክ ዊልቸር ባትሪና ሞተር አለው፤ የአልኮል ትነት ያለበት ክፍል ውስጥ ብልጭታ የሚያወጣ ነገር አይገባም፣ ስልክም ቢሆን። ታዲያ ሰውየው በር ላይ ይቅር? አይቀርም። ማምረቻው በእጅ የሚገፋ አንድ ዊልቸር ገዝቶ በር ላይ ያስቀምጣል፣ እንግዳው ከፈለገ ይቀይራል። ይህን ደግሞ ቤቱ ሳለ በስልክ እንዲያውቀው ይደረጋል፤ ሰውነቱን ደግፎ እንዲይዝ ተለክቶ በተሠራ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ሌላ ወንበር ላይ መቀመጥ ላይችል ይችላልና። የወለሉ ፍርግርግ ብረትም አለ። ቀዳዳው 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የክራንች ጫፍና የዊልቸር የፊት ጎማ ሊይዝ ይችላል፤ ከ1.3 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። መላው ወለል ይቀየር አላልንም። ጎብኚ በሚያልፍበት መስመር ላይ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ጥርስ ላሜራ በብሎን ማሰር የአንድ ብረታ ብረት ሠራተኛ የቀን ሥራ ነው።

ዘገባው ማምረቻውን ከስኮትላንድ ጋር አነጻጽሯልና ንጽጽሩን እንጨርሰው። እዚያ ብዙዎቹ ማጣሪያዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ፣ በጠባብ ደረጃ የተሞሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በቅርስነት ስለተመዘገቡ ግድግዳቸው እንደ ልብ አይነካም። የብሪታንያ የ2010 (እ.ኤ.አ.) የእኩልነት ሕግ ግን አገልግሎት ሰጪ የሚቻለውን ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ለጎብኚ በሚያወጡት መረጃ ላይ የቱ ክፍል በደረጃ ብቻ እንደሚደረስ፣ መፀዳጃው የት እንደሆነ አስቀድመው ይጽፋሉ። መድረስ የማይቻልበትን ክፍል ሳይደብቁ ይናገራሉ። እናንተ ግን «ሙሉ በሙሉ» አላችሁ። ያንን ቃል አምኖ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር የሚመጣው ሰው መኪና ተከራይቶ ነው የሚመጣው።

ደግሞ ስለ ውስኪ ስትጽፉ የአገራችንን አረቄ ለመግቢያ ብቻ ተጠቅማችሁበት አለፋችሁ። የስኮትላንድ የብቅል ውስኪ በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ይጣራል፤ እኛም ሁለት ጊዜ የወጣውን ዳግም እንለዋለን። አረቄ የምታወጣ እናት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራው። ድፍድፉ የሚጣድበት ማሰሮ፣ በጭቃ የተመረገው መጋጠሚያ፣ ሸምበቆው፣ ውኃ ውስጥ የተቀመጠው መቀበያ ሁሉም ከወገብ በታች ነው። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ከማንም እኩል ያየዋል፣ ጠብታውም ሲወርድ ይሰማዋል። ይህ ሥራ ለተቀመጠ ሰው ዓይን የራቀው በብረት ደረጃ ላይ ሲሰቀል ነው። ማምረቻው ይህን መሣሪያ አንድ ምድር ቤት ክፍል ውስጥ ቢያስቀምጥና ሥራውን ቢያሳይ ለሁሉም ጎብኚ ይጠቅማል፤ ይህ ግን ለፎቁ መዳረሻ መሥራትን አይተካም።

ዓይነ ስውራን ጎብኚዎችን ማንም አላነሣቸውም፤ እንዲህ ያለው ቤት ደግሞ በእጅና በአፍንጫ ከሚጎበኙት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ጥሬ ገብስና ብቅል በሁለት ሳህን ይቅረብላቸው፤ ገብሱ ጥርስ ይሰብራል፣ ብቅሉ ይፈረፈራል። በርሜሉን ይዳስሱ። የመዳቡ አንገት ግን ስለሚያቃጥል አስጎብኚው እጃቸው ከመድረሱ በፊት ይናገር። መስማት ለተሳናቸው ከደወሉ ጋር ብልጭ የሚል መብራት ይገጠም፤ የወፍጮው ድምፅ በጠናበት ክፍል ለሚሰማውም ሰው ይጠቅማል። መቅመሻው ባንኮኒ 1.1 ሜትር ከሆነ ተቀማጩ ብርጭቆው ላይ አይደርስም፤ ከሥሩ 70 ሳንቲ ሜትር ለጉልበት ክፍት የሆነ አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይበቃል።

መፀዳጃ ቤቱንም እንጠይቅ። በሩ ሲከፈት 80 ሳንቲ ሜትር ይተዋል? ወደ ውጭ ይከፈታል? ውስጡ 1.5 ሜትር መዞሪያ አለው? በየቦታው የምናየው፣ ምልክቱ በሩ ላይ ተለጥፎ ውስጡ የመጥረጊያና የባልዲ መጋዘን ሆኖ፣ ቁልፉ ደግሞ ምሳ የወጣ ጥበቃ ኪስ ውስጥ ነው። በ2001 የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም፣ እየተራመደ ደረጃ መውጣት ለማይችልም የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው፣ መፀዳጃውም እንዲመቸው ደንግጓል። አገራችን በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 የመዝናኛና የቱሪዝም ሥፍራዎችን ለይቶ ይጠቅሳል። ዘገባው ሁለቱንም አላነሣም።

የምንጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። «ሙሉ በሙሉ ምቹ» የሚለውን አርሙልን፤ እርማቱም ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው ፎቶ ሥር ይውጣ። ከዚያ ጋዜጠኛችሁን መልሳችሁ ላኩት፤ ሜትር ይያዝ፣ ከእኛም አንድ ሰው አብሮት ይግባ። የራምፑን ርዝመትና ከፍታ፣ የበሩን ስፋት፣ የፍርግርጉን ቀዳዳ፣ የመፀዳጃውን መዞሪያ ለክቶ ቁጥሩን ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ፣ ከደብረ ብርሃን