የደን ትምህርት በደን ውስጥ ይሰጥ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፤

በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ስለ ደን የሚሰጠው ትምህርት ከመጽሐፍና ከስልክ ምስል እንዲያልፍ ለማሳሰብ ይህን ጻፍኩ። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ጥድ እንደተተከለበት የሚነገርለት፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲሉም ኮሶና አስታ የሚታዩበት፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚኖሩበት ሲሆን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይጎበኛል።

ተማሪ ኮሶ መድኃኒት መሆኑን ሸምድዶ ፈተና ሊያልፍ ይችላል። ዛፉ ሥር ቆሞ ሽቅብ ሲመለከት ግን ቀላ ያለው የሴቴው አበባና ፈዘዝ ያለው የወንዴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ተንዠርግገው ያያል፤ አያቶቹ ለኮሶ ትል ይጠጡት የነበረው የትኛው እንደሆነም ያኔ ይጠይቃል። እንደዚሁም የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚንኮሻኮሽበትን ደረቅ መሬት ረግጦ ወዲያው ጥዱ ጥላ ውስጥ የገባ ልጅ፣ አፈሩን ለስልሶና ርሶ ሲያገኘው፣ ስለ አገር በቀል ዛፍ ብዙ ገለጻ አያስፈልገውም። (በጩኸት እየነዱ ማስጎብኘትን ማለቴ አይደለም፤ ጉሬዛ ዝምታ ይፈልጋል።)

የአውቶቡስ ኪራይና የወላጅ ስጋት እንቅፋት መሆናቸው ይገባኛል። ሆኖም ለምርቃት ጋዋንና አዳራሽ የሚወጣውን ለሚያስታውስ ሰው፣ ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት ብዙም አያሳምንም። የትምህርት ቢሮው በየዓመቱ ቢያንስ አንድ የደን ቀን በትምህርት ካላንደሩ እንዲያስገባ፣ መምህራንም ከተማሪዎቻቸው ቀድመው ደኑን እንዲያዩት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሎጂ መምህር፣ አዲስ አበባ