ሆድሽን ሲያምሽ ዝም ብለሽ አትቻይው

ውድ ልጄ፣

ለብቻሽ መኖር ከጀመርሽ ወዲህ አንድ ነገር ያሳስበኛል። አንቺ ሕመም ትችያለሽ። «ጨጓራ ነው፣ ያልፋል» ብለሽ ጥቅልል ብለሽ ትተኛለሽ። ብዙ ጊዜም ያልፋል። ትርፍ አንጀት ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ በአንቺ ዕድሜ ያሉትን ደግሞ በብዛት ይይዛል።

ሲጀምር ያዘናጋል። እምብርትሽ አካባቢ ያምሻል፣ የበላሽው ያልተስማማሽ ይመስልሻል። ምግብ ያስጠላሻል፣ ያቅለሸልሽሻል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ሳይሞላው ሕመሙ ቦታ ይለውጣል፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ይወርዳል። ስታስዪ፣ ስትራመጂ፣ መኪና ሲያንገጫግጭሽ እዚያችው ቦታ ላይ ይወጋሻል። እግርሽን አጥፈሽ ሳትነቃነቂ መተኛት ያምርሻል። ትኩሳቱ መጀመሪያ ላይ ቀለል ያለ ነው፤ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል። ሁሉም ምልክት እስኪሟላ አትጠብቂ።

በጣም ሲያምሽ ቆይቶ ድንገት ቀለል ካለሽ ተሻለኝ አትበይ። ልጄ፣ ይህቺን አደራ! የተወጠረው ትርፍ አንጀት ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መግሉ ሆድ ዕቃሽ ውስጥ ይሰራጫል፣ ሕመሙም መላ ሆድሽን ይዞ ይመለሳል። ለሕይወት የሚያሰጋው ይሄ ነው።

ስለዚህ ሕመሙ ወደ ቀኝ ከወረደ ወይም እየባሰ ከሄደ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትውሰጂ፣ ሆድሽ ላይ ሙቅ ነገር አታድርጊ። ኦፕሬሽን ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ሳያይሽ አትብዪ፣ አትጠጪም።

እዚያ ደምና ሽንት ይመረምራሉ፣ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ያዛሉ። የወር አበባሽ መቼ እንደመጣ ይጠይቁሻል፣ የእርግዝና ምርመራም ያደርጋሉ። ከማህፀን ውጪ የሚፈጠር እርግዝና ተመሳሳይ ሕመም ስላለው ነው እንጂ ሊሰልሉሽ አይደለም። እውነቱን ንገሪያቸው። እኔም አልቆጣሽም።

ዋናው ሕክምና ትርፍ አንጀቱን ቆርጦ ማውጣት ነው። አሁን በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብተው ይሠሩታል፤ ካልፈነዳ ብዙዎች በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። ሳይፈነዳ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ብቻ የሚታከሙም አሉ። ግን ከ10 ሰው 3 ወይም 4ቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶባቸው ኦፕሬሽን ይሆናሉ። ምርጫው ከቀረበልሽ ይህንን አውቀሽ ከሐኪሙ ጋር ተማከሪ።

ለእኔ መንገድ ላይ ሆነሽ ደውዪልኝ። እስካነሳው ብለሽ ግን ደጅ እንዳትቆሚ።

እናትሽ