የትከሻው ሚሳኤል ታሪክ ያለው ዓይኑ ላይ ነው

የተከበራችሁ አዘጋጅ፣

ትከሻ ላይ ተደግፎ ስለሚተኮሰው ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል ያወጣችሁት ጽሑፍ ሁለት እርማት ይፈልጋል። አንደኛው፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች የተተኮሱት ሮኬቶች ከዚህ መሣሪያ ጋር አይገናኙም። እነዚያ ከምድር ወደ ምድር የሚወነጨፉ ናቸው። የትከሻው ሚሳኤል ግን የሚበር ሞተርን ሙቀት ተከትሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ታሪኩን ይመለከታል። ጽሑፋችሁ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 አፍጋኒስታን ላይ ከተተኮሰው የአሜሪካ ሚሳኤል ከስቲንገር ነው። አሜሪካኖች ግን የስቲንገርን ቀዳሚ ሬድአይን መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ሶቪየቶችም በ1960 ኮሎምና ከተማ ውስጥ የራሳቸውን የትከሻ ሚሳኤል ስትሬላ 2ን ጀመሩ፤ ዋና ንድፍ አውጪው ቦሪስ ሻቪሪን በ1965 ሲሞት ሰርጌይ ኔፖቤዲሚ ሥራውን ዳር አደረሰው። በ1968 ሠራዊቱ ታጠቀው፣ በ1969 ግብፅ ውስጥ ተዋጋበት።

ያን ጊዜ ሬድአይም ስትሬላ 2ም አንድ ጉድለት ነበረባቸው። ሙቀት የሚያየው ዓይናቸው ስለማይቀዘቅዝ የሚለየው የጋለውን የሞተር መውጫ ብቻ ነበር። ስለዚህ ተኳሹ አውሮፕላኑን ከኋላ ነው የሚያሳድደው፤ ብዙውን ጊዜ ቦምቡን ከጣለ በኋላ ማለት ነው። ፀሐይና ፀሐይ ያረፈበት ደመናም ያታልሉት ነበር። ስቲንገር የለወጠው ይህንን ነው። ዓይኑ በአርጎን ጋዝ ስለሚቀዘቅዝ የሞተሩን ትኩስ ጭስ ከፊት ለፊትም ያያል። የማስወንጨፊያ ቱቦውማ ያው ቱቦ ነው።

መሣሪያው ሲያረጅ ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው። አንዴ ከተቀሰቀሰ ከአንድ ደቂቃ በታች ሠርቶ ያልቃል፣ ሁለተኛ አይሞላም። አርጅቷል ብሎ መናቅ ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሞምባሳ ላይ በእስራኤል የመንገደኞች ጄት ላይ የተተኮሱት ሁለት ሚሳኤሎች ሳቱ፤ በ2003 ባግዳድ ላይ ግን የዲኤችኤል ጭነት አውሮፕላን ግራ ክንፉን ተመታ። መሪውን የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ (የፈሳሽ ግፊት) ኃይሉ በሙሉ ጠፍቶ አብራሪዎቹ በሞተር ግፊት ብቻ እየመሩ አሳረፉት፤ በአቪዬሽን ታሪክ ከሚደነቁት አንዱ ነው።

ሁለቱም አውሮፕላኖች ገና ከተነሱበት ብዙም አልራቁም ነበር። የስቲንገር ዓይነቱ ከተኳሹ በላይ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆንም፣ ከባሕር ወለል 10,000 ሜትር ላይ የሚያልፍ አውሮፕላን ከዚያ በእጅጉ ይርቃል። አደጋው መነሻና ማረፊያ ላይ ነው። ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጥረው ባሕር ዳር ታውቃለች፤ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ የተነሳው ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገብተውበት 35 ሰዎች ሞተዋል።

ስለ ጥበቃው ጽሑፋችሁ ዝም ማለቱ አሳዝኖናል። የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ መላክን የሚቆጣጠረው የዋሴናር ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ሚሳኤሉና የማስወንጨፊያ እጀታው ተራርቀው በተለያየ ቦታ እንዲቀመጡ፣ ቆጠራውም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንዲካሄድ ተስማምተዋል። በሚቀጥለው እትማችሁ ይህን ብታክሉበት።

ከባሕር ዳር አንባቢዎቻችሁ