ሰዓቱ የተጻፈበት ደብተር፦ የእጅ ሥራ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የእጅ ሥራ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ሠራ፤ ደብተር። ዓመቱን ሙሉ። በመጀመሪያው ስብሰባ 26 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ብዙዎቹ ጥልፍ፣ ሻማ፣ የአንገት ጌጥ እንሠራለን ብለው ነበር የመጡት። «ደብተር ብቻ?» ሲሉ ቅር እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር። እኔ ግን አንድን ነገር ደጋግሞ መሥራት ምን እንደሚመስል በእጃቸው እንዲያውቁት ፈልጌ ነበር። 7ቱ በየመሃሉ ወደ ሌላ ክበብ ሄዱ። 19ኙ እስከ መጨረሻው ቆዩ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ክፍሎቹ ሲጸዱ የተጣሉ ደብተሮች ተከምረው አየሁ። አንዱን አንስቼ ገለጥኩት። ከኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ንጹሕ ነው። ሌላውም እንደዚያው። በጣም አሳዘነኝ። ስለዚህ ዘንድሮ በቤተ መጻሕፍቱ በር ሥር ትልቅ ካርቶን አስቀመጥን፤ በሁለት ሳምንት ሞላ።

ሥራው እንደታሰበው ቀላል አልሆነም። አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ የደብተሩን ሽቦ ነቅሎ ወረቀቱን ዘረጋና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ግማሹ ተጽፎበታል» አለኝ። እውነቱን ነው። የደብተር ወረቀት ድርብ ነው። መሃሉ ላይ ታጥፎ በሽቦ ስለሚያዝ፣ ከፊት ያለው ቅጠልና ከኋላ ያለው ቅጠል አንድ ወረቀት ናቸው። ከግማሽ በላይ የተጻፈበት ደብተር ከኋላው ምንም ያህል ባዶ ገጽ ቢተርፈው፣ አንድም ሙሉ ባዶ ድርብ ወረቀት አይወጣውም። እኔም ይህን አስቀድሜ አላሰብኩበትም ነበር። ወረቀቶቹን እጥፋታቸው ላይ ቆረጥናቸውና ነጠላ ቅጠሎች ይዘን ቀረን።

ነጠላ ቅጠል እጥፋት ስለሌለው መሃሉ ላይ አይሰፋም። ያለው አማራጭ ከጎን መብሳት ነው። የጃፓን አሰፋፍ የሚባለውን መረጥን፤ አራት ቀዳዳ፣ አንድ ክር። ወረቀቱን አስተካክሎ መደርደር፣ በማስመሪያ መለካት፣ በወስፌ መብሳት፣ ክሩን በጠርዙ ዙሪያ እያዞሩ መስፋት። እስከ አምስተኛው ሳምንት ሁሉም የየራሱን ደብተር ጨረሰ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ሊጽፉበት ሞከሩ። ከጎን የተሰፋ ደብተር ጠፍጣፋ ሆኖ አይዘረጋም። በግራ እጅ ካልያዙት ይከደናል። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ «ያምራል፣ ግን አይጻፍበትም» አለች። ይቺ አባባሏ ዓመቱን ሙሉ አብራን ዞረች።

እንግዳችን የመጡልን በዚያው ሰሞን ነው። ቤታቸው ውስጥ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን እየሠሩ በእጅ የተሰፉ ደብተሮችና አልበሞች የሚሸጡ ባለሙያ ናቸው። ተቀጣሪ የላቸውም፤ አለቃም የላቸውም። ተማሪዎቹ ጥያቄ አዘጋጅተው ነበር። የመጀመሪያው «ቀኑን ሙሉ የሚወዱትን መሥራት እንዴት ነው?» የሚል ነበር። እንግዳችን ከቦርሳቸው አንድ ያረጀ ማስታወሻ አውጥተው የአንዱን ሳምንት ገጽ አነበቡልን። ወረቀት ማጠፍ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። መስፋት፣ ከስንት እስከ ስንት። ከዚያ ደግሞ፦ ለደንበኞች መልስ መስጠት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መጠቅለል፣ ፖስታ ቤት፣ ካርቶን ፍለጋ፣ የወጪና የገቢ መዝገብ። ስንደምረው እጃቸው ወረቀትና ክር ላይ የዋለው ከሳምንቱ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ታዲያ አይሰለችዎትም?» አለ አንዱ። እንዲህ ብለው መለሱለት፦ «የሚሰለች ቀን አለ። መቶ ወረቀት ማጠፍ ይሰለቻል። ግን አንድ ደብተር ስትሠራ ስህተትህን ታያለህ፤ አሥር ስትሠራ ደግሞ ለምን እንደተሳሳትክ ታውቃለህ።»

አንድ ደብተር ከጀመሩ እስኪጨርሱት ሌላ እንደማይነኩ ነበር ልጆቹ የገመቱት። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንድ ቀን ማጠፍ ብቻ፣ በማግስቱ መብሳት ብቻ፣ ከዚያ መስፋት ብቻ ነው። ኮላ እስኪደርቅ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣምና ሥራው በሥራው ላይ ይደራረባል። ከዚያ ቀን በኋላ እኛም የሰዓት መዝገብ ጀመርን። እያንዳንዱ ተማሪ ሲጀምርና ሲያቆም ይጽፋል። ክበቡ ዘንድሮ ካደረገው ሁሉ ይህን አስበልጠዋለሁ።

እንግዳችን ሌላም ነገር አስተምረውን ሄዱ፤ የሰንሰለት ስፌትን። አራት ድርብ ወረቀት አንዱን በሌላው ውስጥ አጥፎ አንድ ጥራዝ ማድረግ ነው። አራት ወረቀት ስምንት ቅጠል፣ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። ስድስት ጥራዝ 96 ገጽ ይወጣዋል። የእያንዳንዱ ጥራዝ ክር በፊተኛው ጥራዝ ስፌት ሥር ሾልኮ ይወጣል፤ ከጀርባ ሲታይ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ይወርዳል። እንዲህ የተሰፋ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል። አሰፋፉ ከጥንታውያን የግብፅ ክርስቲያኖች የመጣ ነው። ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ በዚህ ስልት የተሰፋ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ የዮሐንስ ወንጌል አለ፤ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ ስፌቱም እስከ ዛሬ አልተፈታም። ፎቶውን ሳሳያቸው አንዷ «የማን እጅ ይሆን?» አለች። እኔም እሱን እያሰብኩ ነው ያደርኩት።

መስፋቱ ቶሎ አልገባልንም። ክሩ ይወሳሰባል፤ ሰም ስንቀባው ተሻለ። ክሩ ያጥራል፤ የደብተሩን ቁመት በጥራዞቹ ብዛት አባዝቶ አንድ ቁመት መጨመር እንደሚበቃ ተማርን። ትልቁ ችግር መሳቡ ነበር። ወደ ውጭ ሲስቡት ቀዳዳው ይቀደዳል፤ በእጥፋቱ አቅጣጫ ሲስቡት ግን ወረቀቱ ይችለዋል። ይህን በቃል አሥር ጊዜ ነገርኳቸው። የገባቸው ሦስት አራት ጥራዝ ከቀደዱ በኋላ ነው። የሰፋውን ለመፍታት ያፈረ ሰው ግን አልነበረም። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ሁለተኛው ጥራዝ ላይ አንድ ቀዳዳ ዘሎ አምስተኛው ላይ ሲደርስ አየው። ማንም ሳያዝዘው መፍታት ጀመረ። መዝገቡ ላይ «መፍታት፣ 35 ደቂቃ» ብሎ ጻፈ።

አሁን ወደ ሽፋኖቹ ልምጣ። ካርቶን ቆርጠን፣ የሚያምር ወረቀት በኮላ ለጥፈን፣ መስኮት ሥር ደረደርናቸው። በማግስቱ ስንመጣ ሁሉም ሽፋኖች እንደ ጀልባ ጎብጠዋል። 19ኙም። ሁለት ልጆች አለቀሱ፤ የሦስት ሳምንት ሥራ ነበርና። እኔም ምክንያቱን እንዲህ ነው ብዬ ማስረዳት አልቻልኩም። ለእንግዳችን ደወልኩላቸው፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሙከራ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ ጥቃቅን ክሮቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። ልጆቹ «አተኛኘት» ብለው ስም አወጡለት፤ ወድጄዋለሁ። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ በአተኛኘቱ ርዝመት ብዙም አይለጠጥም፤ በጎኑ ግን ይሰፋል። ኮላ ሲቀባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ካርቶኑንም አብሮ ይስበዋል። ካርቶኑ የሚጎብጠው ወረቀቱ ወዳለበት ጎን ነው። መድኃኒቱ በሌላኛው ጎኑም ወረቀት መለጠፍ ነው፤ ሁለቱ ሲሳሳቡ ካርቶኑ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ከዚያ በንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጎ ከባድ መጻሕፍት ጭኖ ማሳደር። የሁሉም አተኛኘት ደግሞ ከደብተሩ ጀርባ ጋር ትይዩ መሆን አለበት።

አተኛኘቱን ማወቂያውም ቀላል ነው። ካርቶኑን በቀስታ ማጠፍ፤ በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው ይገግማል። እሺ ያለበት እጥፋት የሚሄድበት አቅጣጫ ነው አተኛኘቱ። ወረቀት ከሆነ ቁራጭ መቅደድ ይበቃል፤ በአተኛኘቱ ሲቀደድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ተቃራኒውን ሲቀደድ ይንሻፈፋል። አሁን የክበቡ ልጆች ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ሳያጥፉ አይተዉም። ሌሎች መምህራን ይህን አይተው ጠይቀውኛል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከጎበጡት ሽፋኖች 14ቱን አዳንናቸው። አምስቱን እንደገና ቆረጥን።

በዓመቱ መጨረሻ ዐውደ ርዕይ አደረግን። ከእያንዳንዱ ደብተር ጋር የሠሪውን የሰዓት መዝገብ በትንሽ ወረቀት አያያዝን። ማጠፍ 20 ደቂቃ፣ መብሳት 15፣ መስፋት 1 ሰዓት ከ50፣ መፍታት 35፣ ሽፋን 1 ሰዓት ከ10። ወላጆች ደብተሩን አንስተው «ጎበዝ» ይላሉ፤ ከዚያ ወረቀቷን ያነባሉ፤ ከዚያ ደብተሩን መልሰው በቀስታ ያስቀምጡታል። ቆሜ የተመለከትኩት ይህንን ነው። አንድ አባት የልጃቸውን መዝገብ ሁለት ጊዜ አነበቡ። «መፍታት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ደብተሩን ገልጦ የትኛው ቀዳዳ እንደነበረ አሳያቸው።

ከጎን የተሰፉት የመጀመሪያ ደብተሮቻችንም አልተጣሉም። ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠናቸው፤ የተዋሱ መጻሕፍት ይመዘገቡባቸዋል። «አይጻፍበትም» ያለችው ልጅ ግን የራሷን አልሰጠችም። ፎቶ ለመለጠፊያ አድርጋዋለች።

ለሚቀጥለው ዓመት ካርቶኑ እዚያው በቤተ መጻሕፍቱ በር ሥር ነው። ጽሕፈቱ ግማሹ ጋ ያልደረሰ ደብተር ካላችሁ በተለይ እሱን አምጡልን፤ መሃሉ ላይ ሙሉ ድርብ ወረቀት ይገኝበታል። ሽቦውን ግን አትንቀሉት። በጥፍር ሲነቀል እጥፋቱ ይቀደዳል። እኛ እንነቅለዋለን።