ለአንድ ሰው የሚሆን ሩዝ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱ ተሽሎት ቤተ ክርስቲያን በእግሩ መሄድ ጀምሯል። እህትህ ፈተናዋን ጨርሳ አሁን እንቅልፍ ላይ ናት።

ባለፈው ስንደዋወል የታይላንድ ፍራይድ ራይስ፣ ማለት የተጠበሰ ሩዝ፣ ልሥራ ብለህ ገንፎ ሆነብኝ ያልከኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ላስረዳህ ስጀምር መስመሩ ተቆረጠ። ይህ ደግሞ በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ተጽፎ ምድጃው አጠገብ ሲቀመጥ ነው የሚጠቅምህ። አጎትህን ለማሳከም ባንኮክ በከረምንበት ጊዜ እኔ ይህን ምግብ ከመብላቴ ይልቅ ሲሠራ ቆሜ ማየቴ ይበልጣል። ስለዚህ ያየሁትንም ከዚያ ወዲህ በራሴ ወጥ ቤት የለመድኩትንም እጽፍልሃለሁ።

ያረፍንበት ቤት ሱኩምቪት ከሚባለው ትልቅ መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሚገቡትን ቅያሶች ሶይ ይሏቸዋል፤ በየሶዩ አፍ ላይ ጋሪ አቁመው ምግብ የሚሸጡ ሰዎች አይጠፉም። ከእኛ በታች በእኔ ዕድሜ የምትሆን አንዲት ሴት ነበረች። ምድጃዋ ጋዝ ነው፤ መጥበሻዋ ታቹ ክብ፣ ዕድሜ ያጠቆረው። ሰው ሲያዛት ዘይት ጠብ ታደርግና ጭሱ ብቅ እስኪል ትጠብቃለች። የተከተከተ ነጭ ሽንኩርት ጣል። ሽታው ሳይርቅ ዶሮውን ትጨምራለች። ዶሮው ሲነጣ ወደ ዳር ገፋ አድርጋ በአንድ እጇ እንቁላል ትሰብራለች፤ እንቁላሉ ግማሹ ረግቶ ግማሹ ገና እየፈሰሰ ሳለ ሩዙን ትገለብጥበታለች። ከዚያ በኋላ እጇ አይታይም። በጭልፋዋ ጀርባ ሩዙን ጫን፣ ፈልቀቅ፣ ገልበጥ ታደርገዋለች፤ እያንዳንዱ ፍሬ የየራሱን ዘይትና እንቁላል ይዞ ይለያያል። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ልብ ያልኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፎ ሁሉም ካዎ ፓት ካይ፣ ማለት ባለ ዶሮውን ሩዝ ሲያዝ፣ ሴትዮዋ አንድም ቀን የሁለት ሰው አንድ ላይ ስትሠራ አላየሁም። አንድ ሳህን ትሠራለች፣ ታወጣለች፣ መጥበሻዋን በውሃ አጥባ እሳቱ ላይ ታደርቃለች፣ የሚቀጥለውን ትጀምራለች። ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው ልጄ። መጥበሻ የሚይዘው ሙቀት ልክ አለው። ሩዝ ሲበዛበት ይቀዘቅዛል፤ ከሩዙ የሚወጣው እርጥበት በእንፋሎት መብረሩ ቀርቶ እዚያው ይተኛል፤ ጥብሱ ቅቅል ይሆናል። አንተ የነገርከኝ ለሦስት ቀን ይሆነኛል ብለህ አንድ ድስት ሙሉ እንደሠራህ ነው። በጀርመን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ያውም በተማሪ ቤት ምድጃ፣ ያን ያህል ሩዝ በምንም ተአምር አይጠበስም። ለአንድ ጊዜ አንድ ሳህን ብቻ ሥራ። ጓደኛህ ቢመጣ እንኳ የእርሱን ለብቻ፣ የአንተን ለብቻ።

ምግቡን ከሌላው አብልጬ ለአንተ የወደድኩትም በዚሁ ነው። የእኛ ወጥ ለአንድ ሰው ተብሎ አይጣድም። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ብቻ ሰዓት ይሄዳል፤ ሲደርስም ሰው ይፈልጋል። ብቻዬን ስሆን እህል አይወርድልኝም፣ ዳቦ በሻይ በልቼ እተኛለሁ ስትለኝ ሆዴ ነው የሚላወሰው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል እየሰማህ አድገሃል። ያ ግን ያለውን ደብቆ ለሚበላ ሰው የተባለ ነው እንጂ ትምህርትና ሥራ ውሎ ማታ ሦስት ሰዓት ክፍሉ ለሚገባ ልጅ አይደለም። ባንኮክ ውስጥ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ሞተረኛው ብቻውን ተቀምጦ ለእርሱ ተብሎ የተሠራለትን ትኩስ ሳህን ይበላል፤ ማንም እንደ ብቸኛ አያየውም። አንተም ለራስህ እንዲህ ያለ ሳህን ብትሠራ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሩዙ። ጃስሚን ሩዝ ግዛ። የታይላንዱ ሆም ማሊ ይባላል፤ ከረጢቱ ላይ ክብ የመንግሥት ማኅተም ያለበትን ካገኘህ ቢያንስ ከመቶ 92ቱ እውነተኛው ዘር ነው ማለት ነው። ይህ ሩዝ በብዛት የሚበቅለው በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ኢሳን በሚባለው ደረቅ አገር ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይታጨዳል። ዋነኛው ዘር ካዎ ዳውክ ማሊ 105 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው ተመርጦ ለገበሬው የተሠራጨው። ሲበስል የሚሰጠው ሽታ ቅመም ሳትጨምርበት እንኳ ያስበላል። ባስማቲም ይሆናል፤ እንዲያውም ለጀማሪ ይቀላል፣ ግን ሽታው ይለያል። ለሾርባና ለገንፎ የሚሆነውን ድቡልቡል ሩዝ ተወው።

ሩዙን ውሃው ጠራ እስኪል ሁለት ሦስት ጊዜ እጠበው። ለአንድ ኩባያ ሩዝ አንድ ኩባያ ከሩብ ውሃ አድርግ፤ ከዚያ በላይ አትጨምር፤ ለጥብስ የሚሆን ሩዝ ትንሽ ጠንከር ማለት አለበት። ሲፈላ እሳቱን እስከ መጨረሻው ቀንሰህ ክደነው፤ 12 ደቂቃ ያህል ይብሰል። ካጠፋህ በኋላም ክዳኑን ሳትነካ አሥር ደቂቃ ተወው። ከዚያ ሰፊ ሳህን ላይ በስሱ ዘርጋውና እንፋሎቱ ይውጣለት። ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ አስገባው። ያደረ ሩዝ የሚመረጠው ላዩ ስለሚደርቅና ውስጡ ያለው ስታርች ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ነው፤ መጥበሻ ውስጥ አይላቆጥም። ለማሳደር ጊዜ ከሌለህም በደንብ ተዘርግቶ የቀዘቀዘ የዕለቱ ሩዝ ይሆናል።

አደራ የምልህ ግን አንድ ነገር አለ። የበሰለውን ሩዝ ምድጃ ላይ ትተህ አትደር። ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ በመፍላት አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ክፍል ውስጥ ከቆየ ይራባል፤ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ እንደገና ብትጠብሰውም አይጠፋም፤ ያስታውካል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ ይበላ። ለሦስት ቀን የሚል ነገር አልወድም።

ለአንድ ሳህን የሚበቃህ ይኸውልህ። ሁለት ኩባያ የበሰለ ሩዝ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እንቁላል፣ 100 ግራም ያህል በስሱ የተቆረጠ የዶሮ ሥጋ፣ ሩብ ራስ ሽንኩርት፣ ግማሽ ቲማቲም፣ ከተገኘ ትንሽ ጎመን። ማጣፈጫው ሁለት የሻይ ማንኪያ የዓሣ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ቁንጥር ስኳር፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ። እሳቱን ሳትነካ ሁሉንም ቆርጠህ ደርድር፤ ከተጀመረ በኋላ ቢላ የማንሻ ጊዜ የለም። ቀዝቃዛውን ሩዝ በእርጥብ እጅህ አስቀድመህ ፈልፍለው። መስኮቱንም ክፈት፤ የጋራ ወጥ ቤታችሁ የጭስ ደወል እንዳለው ነግረኸኛል።

መጥበሻው ባዶውን በደንብ ይጋል። የቀረው ሴትዮዋ እንደምታደርገው ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ሩዝ። ሩዙ ከገባ በኋላ አሥር ሰከንድ ያህል ሳትነካው ተወው፣ ከዚያ ገልብጠው፣ እንደገና ተወው። ያለማቋረጥ ካማሰልከው አይጠበስም። ማጣፈጫውን በሩዙ ላይ ሳይሆን በጋለው መጥበሻ ዳር አፍስሰው፤ ጭስ ብሎ ሽታው ይለወጣል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ መጨረሻ ላይ ይግቡ፤ ሲነከሱ ኮሽ ማለት አለባቸው። የእኛን ሽንኩርት ማቁላላት እዚህ እርሳው።

በርበሬም አታስገባበት። ልብህ እንደሚልህ አውቃለሁ፣ የላክሁልህም በርበሬ ገና እንዳላለቀ አውቃለሁ፤ ግን ይህ ምግብ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ማቃጠሉ የሚመጣው ከጎኑ ካለው ትንሽ ሳህን ነው። ፕሪክ ናም ፕላ ይሉታል፤ የዓሣ ሶስ ውስጥ ትንንሽ ቃሪያ ትከትፋለህ፣ ሎሚ ትጨምቅበታለህ፣ አበቃ። እያንዳንዱ ሰው በፈለገው መጠን ጠብ ጠብ እያደረገ ይበላል። ሎሚው ቢጫው ትልቁ ሳይሆን አረንጓዴው ትንሹ ይሁን፤ ከእኛ አገር ሎሚ ጋር የሚቀራረበው እርሱ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ላይም» ይሉታል። በስሱ የተቆረጠ ኪያር ከጎኑ አትርሳ፤ ከጨውና ከዘይት በኋላ አፍን ያጥባል። ደግሞ በማንኪያ ብላው። ታዮች ሩዝ የሚበሉት በቀኝ ማንኪያ፣ በግራ ሹካ ይዘው ነው፤ ሹካው ወደ ማንኪያው መግፊያ ብቻ ነው።

የዓሣ ሶሱን ስትከፍተው ሽታው ያስደነግጥሃል። ትንንሽ ዓሣ በጨው ተደርቦ ዓመት ያህል ሲብላላ የሚወጣ ውሃ ነው፤ እሳት ሲነካው ግን ያ ሽታ ይጠፋና ጣዕሙ ብቻ ይቀራል። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ዓሣ፣ ጨው፣ ምናልባት ስኳር ብቻ የተጻፈበትን ምረጥ። ጨው ሌላ አያስፈልግህም። አናናስና ካሪ ያለበት፣ በአናናስ ቅርፊት የሚቀርበውም አለ፤ ያምራል፣ ለእኔ ግን ይጣፍጥብኛል። ገንዘብ ስታገኝ የሸርጣኑን ቅመስ፤ ነጭ ሽንኩርትና እንቁላል ብቻ ያለበት ነው፣ ከሁሉም እርሱ ይበልጣል ይላል አጎትህ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምግብ ሁሉ ሲጠላ መጀመሪያ የወረደለት ያ ስለሆነ ይሆናል እንደዚያ የሚያደላለት።

ስለ ጾሙም ጠይቀኸኛል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባልና አስቀድመህ እወቀው። ታይላንድ ውስጥ ጄ የሚባል የጾም ምግብ አለ፤ ከቻይናውያን የመጣ ሥርዓት ነው። በጥቅምት ወር አካባቢ ለዘጠኝ ቀን ከተማው በቢጫ ባንዲራ ይሞላል፤ ባንዲራው ላይ ጄ የሚለው በቀይ ይጻፋል። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ዓሣም የለም፤ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳ ይተዋሉ። ያ ቢጫ ምልክት ያለበትን የታይ ዕቃ የእስያ ሱቅ ውስጥ ካየህ ያለ ጥርጥር ለጾም ይሆንሃል። ዝም ብሎ ቬጀቴሪያን ከሚለው ግን ተጠንቀቅ፤ እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ይችላል። በእኛ ቤት በጾም ዓሣ አይበላም፤ ስለዚህ የዓሣ ሶሱም፣ ኦይስተር ሶስ የሚሉት ከባሕር ዛጎል እንስሳ የሚሠራውም ይቀራሉ። በምትካቸው ሶያ ሶሱን ከፍ አድርግ። በዶሮው ፋንታ እንጉዳይ ለብቻው ውሃው እስኪጠፋ ጥበስና አውጥተህ አስቀምጥ፤ ቶፉም (ከአኩሪ አተር የሚሠራው፣ አይብ የሚመስለው) ከሆነ በደንብ ጨምቀህ አድርቀህ ጥበሰው። ነጭ ሽንኩርቱን ለእኛ ጾም መተው የለብህም፤ እንዲያውም ጨምርበት፣ እንቁላሉ የሌለበትን ቦታ የሚሞላው እርሱ ነው።

አሁን ቅዳሜ ዕረፍት ስለሆንክ ዓርብ ማታ ሩዙን አብስለህ አሳድረው። ስትሠራ ምድጃውን እስከ ስንት ቁጥር እንዳደረስከውና መጥበሻው ቀጭን ይሁን ወፍራም ጻፍልኝ፤ ቀጭን ከሆነ ሩዙን ወደ አንድ ኩባያ ተኩል መቀነስ ይኖርብሃል። የዓሣ ሶስ እዚያ ሱቅ ስንት እንደሆነም ንገረኝ። አጎትህ በሚቀጥለው ወር በአንተ በኩል ያልፋልና ከጎደለህ የሚይዝልህን ዕቃ አሁኑኑ ዘርዝረህ ላክልኝ።

አባትህና እህትህ ሰላም ብለውሃል።

የምትወድህ እናትህ